መጀመሪያ ሱቁ ይብላ፦ የትንንሽ ንግዶች የየዕለት ፈተና ሲዳሰስ

እናቴ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበራት። ማታ 3 ሰዓት ገደማ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ትቀረቅርና የዕለቱን ገንዘብ ባንኮኒው ላይ ትዘረግፈዋለች። ሳንቲሙን በየዓይነቱ ትቆልላለች፤ የተጨማደደውን ብር በመዳፏ ታቃናለች። ከፊቷ ሁለት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎች አሉ፤ አንዱ የሱቁ፣ ሌላው የቤቱ። ቀን የተሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚያስገዛው ብር አስቀድሞ ተለይቶ የሱቁ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ለቤቱ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። አዲስ ጫማ ያማረን ወይም ሥጋ የናፈቀን ቀን ዓይናችን የቤቱ ጣሳ ላይ ይተከላል። የእናቴ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «መጀመሪያ ሱቁ ይብላ።»

ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስለ ትንንሽ ንግዶች የተጠናውን፣ የታወጀውንና በየባንኮኒው የሚወራውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ከዚህ አባባል የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም። ሲሸጥ ውሎ ሲሸጥ የሚያመሽ ሱቅ ይዘጋል። የሚዘጋው ገበያ አጥቶ ሳይሆን የተሸጠው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ሳይተካ ስለሚቀር ነው። መተኪያው ብር በዱቤ፣ በዋጋ ንረት፣ በኪራይ፣ በግብር ወይም በቤት ወጪ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ዳሰሳ ያንን ብር ከመሳቢያው ጀምሮ እየተከተለ የት የት እንደሚቀር ያያል።

«ትንሽ» የምንለው የትኛውን ነው?

በ1990 የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ2003 ሲሻሻል መለኪያው የሰው ብዛትና ካፒታል ሆነ። እስከ 5 ሰው የሚሠራበትና ካፒታሉ በኢንዱስትሪ ከ100,000 ብር፣ በአገልግሎት ከ50,000 ብር ያልበለጠው «ጥቃቅን» ተባለ። ከ6 እስከ 30 ሰው የሚሠራበትና ካፒታሉ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር የሚደርሰው ደግሞ «አነስተኛ» ሆነ። ዛሬ 50,000 ብር ይዞ ጅምላ ተራ የሄደ ሰው የሚያመጣው ዕቃ የአንዲት ሱቅ መደርደሪያ አይሞላም። ብር ሲረክስ በብር የተለካ ነገር ሁሉ አብሮ እንደሚረክስ እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ ግብር ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

እዚህ የምናወራው ባለቤቱ ራሱ ባንኮኒው ጀርባ ስለሚቆምበት ንግድ ነው። ባለሱቁ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጎሚስታው የዚህ ወገን ናቸው። በጉሊትና በሱቅ በደረቴ የሚተዳደሩትም ፈተናቸው ይብሳል እንጂ አይለይም።

ሦስቱ የተለመዱ መልሶች

ትንንሽ ንግዶች ለምን አያድጉም ሲባል የሚሰጠው መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው «መነሻ ካፒታል የለም» ይላል። ሁለተኛው «አያያዙን አያውቁበትም» ይላል። ሦስተኛው «አላሠራ ያላቸው ግብሩ፣ ኪራዩና ቢሮው ነው» ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም።

ስለ ካፒታል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሱሬሽ ደ ሜል፣ ዴቪድ ማኬንዚና ክሪስቶፈር ውድረፍ በስሪላንካ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ሙከራ ነው። ለትንንሽ ነጋዴዎች በዕጣ ገንዘብ ሰጥተው ሲከታተሉ፣ የተጨመረው ካፒታል በአማካይ በወር 5 በመቶ ገደማ ትርፍ አስገኝቷል። ይህ ከባንክ ወለድ እጅግ የላቀ ነው። የሚያሳስበው ግን ትርፉ የታየው በወንዶቹ ንግድ ላይ መሆኑ ነው፤ በሴቶቹ ላይ በአማካይ ምንም አልታየም። ኋላ በሕንድ፣ በስሪላንካና በጋና የተሰበሰበ መረጃ እንደገና ሲመረመር አንዱ ምክንያት ተገኘ። ሚስቲቱ ያገኘችው ገንዘብ ወደ ባልየው ንግድ ይገባ ነበር። ሴቶቹ መነገድ አቅቷቸው አልነበረም፤ ገንዘቡ ንግዳቸው ዘንድ አልደረሰም። የእናቴን ሁለት ጣሳዎች ያስታወሰኝ አንዱ ይህ ነው።

በአገራችን ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ያደረጉት ጥናት ሌላ ትምህርት አለው። ፋብሪካ ለመቀጠር ካመለከቱ ወጣቶች መካከል በዕጣ ለተመረጡት 300 ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው። ከ1 ዓመት በኋላ ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ያህል በልጦ ተገኘ። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። መነሻው ገንዘብ ሠርቷል፤ ሳይቆይ የቀረው ጥቅሙ ነው። አሌሳንድሮ ታሮዚና ባልደረቦቹ በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ብድርን ሲያጠኑም የተበዳሪው ቁጥር ጨምሮ አገኙት፤ የኑሮ ለውጡ ግን ከተጠበቀው በታች ነበር። ገንዘብ በር ይከፍታል፤ በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ዕውቀት ይሆን? እዚህ ላይ አሌሃንድሮ ድሬክስለር፣ ግሬግ ፊሸርና አንቷኔት ሾዋር በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ይጠቀሳል። ከነጋዴዎቹ መካከል ለአንዱ ወገን መደበኛ የሒሳብ አያያዝ አስተማሩ። ለሌላው ወገን ጥቂት ቀላል ደንቦችን ብቻ ነገሩት፤ ዋናው ደንብ የንግድንና የቤትን ገንዘብ በተለያየ መሳቢያ አስቀምጡ የሚል ነበር። መደበኛው ትምህርት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ቀላሉ ደንብ ግን የሒሳብ አያያዛቸውን አሻሻለው። ጥናቱን ሳነብ ባንኮኒው ላይ የነበሩት ሁለት ጣሳዎች ፊቴ ድቅን አሉ።

መጀመሪያ የሚቀርበት ቦታ፦ ዱቤ

ብሩን ከመሳቢያው እንከተለው ብለናል። ብዙው ግን መሳቢያው ዘንድም አይደርስም። በየሱቁ ግድግዳ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እናያለን። ከወረቀቱ ሥር ደግሞ የዱቤ ደብተሩ ይቀመጣል። የእናቴ ደብተር ላይ ስም እምብዛም አልነበረም። «ባለ ቀይ በሩ»፣ «የመምህሩ ሠራተኛ»፣ «የነርሷ ትልቁ ልጅ» እየተባለ ነው የሚጻፈው። ከጎኑ ሳሙና፣ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ብሩም በጭረት ይሰፍራል። ደሞዝ የወጣ ሰሞን ጭረቶቹ ይሰረዛሉ። ወር ባለቀ ቁጥር ደብተሩ ይወፍራል፤ ጣሳው ይቀላል።

ዱቤን ክልክል ማለት ቀላል ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሆኖ መፈጸም ግን ይከብዳል። ዱቤ ያልሰጠ ባለሱቅ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ከዚያም በላይ ደንበኛው የዕድሩ አባል፣ የልጁ ክርስትና አባት ወይም ሲታመም ሆስፒታል ያደረሰው ሰው ነው። ዱቤ የሰፈር ሰው የሚተማመንበት ውል ስለሆነ ነጋዴው የሚያተርፍበትም ነው፤ ሰው ዱቤ ያገኘበትን ሱቅ በጥሬ ገንዘብም አይለውጥም። ችግሩ ጣሪያ ሲያጣ ነው። ከልምድ እንዳየሁት የሚጸናው ባለሱቅ ለእያንዳንዱ ቤት የሚሰጠውን የዱቤ ልክ አስቀድሞ በልቡ የወሰነ ነው። የድሮው ሳይከፈል አዲስ አይጨምርም፤ ሲከለክልም ሰው አያዋርድም።

ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮችም መተግበሪያ ሲስፋፋ፣ «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ምክንያት ቀንሷል። በምትኩ አዲስ ጭንቀት መጣ። ደንበኛው «ልኬልሃለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳያል፤ የባለሱቁ ስልክ መልእክት አይመጣለትም። ኔትወርክ ነው ወይስ የተቀነባበረ ምስል? ከኋላ ወረፋ ቆሟል። ሱቁን የሚጠብቀው ልጅ «እሺ» ብሎ ይሸኘዋል። ማታ ሒሳብ ሲታይ ብሩ የለም። ከስክሪኑ ምስል ይልቅ የራስን ሒሳብ አይቶ ዕቃ መስጠት ዛሬ ሚዛን እንደማስተካከል የሚቆጠር የሥራ ሕግ ሆኗል።

በትርፍ ውስጥ የተደበቀው ኪሳራ

ሁለተኛው የሚቀርበት ቦታ ዋጋ ነው። ይህ በዓይን የማይታይ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማስላት ይፈልጋል። አንድ ባለሱቅ 10 ካርቶን ሳሙና እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዛ እንበል። በ1,100 ብር ሸጠው። እጁ ላይ 11,000 ብር ስላለ 1,000 ብር አትርፌያለሁ ይላል። መልሶ ሊገዛ ጅምላ አከፋፋዩ ዘንድ ሲሄድ ካርቶኑ 1,250 ገብቷል። በ11,000 ብሩ የሚያገኘው 8 ካርቶን ነው፤ 1,000 ብር ይተርፈዋል፤ በዚያ ግን ዘጠነኛውን አይገዛም። «ያተረፈው» ሰው መደርደሪያ በ2 ካርቶን ጎደለ። ያንን 1,000 ብር ትርፍ ነው ብሎ ለልጁ ጫማ ካዋለው ደግሞ ቀጣዩ ዙር የሚጀመረው ከ8 ካርቶን ነው። ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ከሄደ ሱቁ ሳይታወቅ ይሟሟል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ይህ ስሌት በየሱቁ በአንድ ሳምንት ታየ። 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃ የያዘው ነጋዴ ሦስት ምርጫ ነበረው። በድሮ ዋጋ ከሸጠ መተካት አይችልም። በአዲሱ ዋጋ ከሸጠ ደንበኛው «ይህ እኮ ድሮ የገባ ነው» ብሎ ይቆጣል፤ ተቆጣጣሪም ያለ በቂ ምክንያት ዋጋ ጨመርክ ሊለው ይችላል። ዕቃውን ከያዘ ደግሞ ደባቂ ይባላል። ከሦስቱም የሚያድን ንጹሕ መንገድ አልነበረም። ሸማቹ ቁጣው አግባብ አለው፤ ደሞዙ አልጨመረም። ትንሹ ነጋዴም ጭንቀቱ እውነት ነው። አንዱ በሌላው ላይ የጨመረ እየመሰላቸው ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ጽዋ ነው።

ስለዚህ በዋጋ ንረት ዘመን የመሸጫ ዋጋ መነሻው የተገዛበት ሳይሆን የሚተካበት ዋጋ ነው። የብልህ ባለሱቅ የማታ ሥራም አንድ ስልክ ይጨምራል፤ ከመሸጡ በፊት «ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ አከፋፋዩን ይጠይቃል።

ኪራይ አይጾምም

ሥጋ ቤት ያለውን ሰው ስለ ችግሩ ብትጠይቁት ከበሬ ዋጋ ቀጥሎ የሚያነሳው የቀን መቁጠሪያውን ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያትና ፍልሰታ አሉ። ቢላዋው በተሰቀለባቸው ቀናትም ኪራዩ ይቆጥራል። ጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ደግሞ ገበያው ነሐሴና መስከረም ላይ ይሰበሰባል። ልብስ ሰፊው በበዓላት መዳረሻ ሌሊቱን ሲሰፋ ያድራል፤ በዓሉ ሲያልፍ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ገቢው እንደ ክረምት ጎርፍ በአንድ ወቅት ይመጣል፤ ወጪው ግን እንደ ቧንቧ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል።

ኪራይ ከዚህ ሁሉ የከፋው የማይገመት በመሆኑ ነው። በ1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ቤቶች ውስጥ የሚነግዱ ሰዎች ለዓመታት በዝቅተኛ የቀበሌ ኪራይ ሠርተዋል። ከግለሰብ የተከራየው ግን የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ የሚመዘዘው ዕቃ ከሚገዛበት ጣሳ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ 2 ዓመት እንዲሆንና ጭማሪው በመንግሥት በሚወሰን ልክ እንዲገደብ አድርጓል። አዋጁ የሚመለከተው ግን መኖሪያ ቤትን ነው። ሱቅ የተከራየ ሰው ገበያው የቀናው ዓመት ላይ አከራዩ «ኪራዩ እጥፍ ሆኗል» ቢለው የሚይዘው ነገር የውሉን ወረቀት ብቻ ነው፤ ብዙዎች ደግሞ ወረቀቱም የላቸውም።

ትንሽ ነጋዴ ሲነሳ የሚያጣው ግድግዳ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 የተካው አዋጅ ቁጥር 1243 የንግድ መደብር መልካም ዝና ዋጋ ያለው ሀብት መሆኑን ያውቃሉ። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከ2016 ጀምሮ መንገዱን ሲያሰፋና ሰፈሩን ሲያስውብ ብዙ ሱቆች ቦታ ቀይረዋል። ከተማ መልማት አለበት። ሆኖም ለ15 ዓመት «እዚያ ጥግ ያለው ጸጉር አስተካካይ» የተባለ ሰው አዲሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲገባ ከዜሮ ይጀምራል። ደንበኛ በካሬ ሜትር አይለካም፤ ስለማይለካም ካሳ ሲሰላ ከወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ግብርና ደረሰኝ

ሐምሌ የትንሽ ነጋዴ ከባድ ወር ነው። ዝናቡ ሰው ከቤት አያስወጣም፤ የልጆች ምዝገባ እየደረሰ ነው፤ የግብር ወቅትም ይከፈታል። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮች በሦስት ደረጃ ተከፍለው ነበር። ዓመታዊ ገቢያቸው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆኑት ደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1 ሚሊዮን የሆኑት «ለ»፣ ከ500,000 በታች የሆኑት «ሐ» ነበሩ። የመጨረሻዎቹ መዝገብ እንዲይዙ አይገደዱም ነበር፤ ግብራቸው በግምት ይቆረጥ ነበር።

ግምቱ ምን ያህል ሰውን እንደሚያስቆጣ በ2009 ክረምት ታይቷል። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ሲገምቱ፣ ቁጥሩ ይፋ ሲሆን በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴዎች በአቤቱታ ተሰለፉ፤ በየቦታውም ሱቅ ተዘጋ። ቅሬታው ግብር አንከፍልም የሚል ብቻ አልነበረም። ባለሱቁ «ስንት ትሸጣለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ሽያጩን ነው፤ ሰምቶ የደነገጠው ግን ስለ ትርፉ ነው። ከላይ ባየነው ሳሙና 11,000 ብር ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። ይህ ልዩነት ሳይብራራ ቁጥር ሲወጣ እምነት ይፈርሳል።

ሐምሌ 2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃዎቹን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ መለያውን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አኖረው። ከዚያ በታች ያለው ግብሩን ከዓመታዊ ሽያጩ ላይ ይከፍላል። ጣሪያው ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው፤ ቀደም ብለን እንዳልነው ብር ሲረክስ መለኪያውም ይረክሳልና። ከሽያጭ ላይ መክፈሉም ስሌቱን ያቀለዋል። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር ያው 10 ካርቶን ሳሙና የሽያጩን ቁጥር በእጥፍ ያሳድገዋል። ሱቁ አንድ ካርቶን ሳይጨምር በወረቀት ላይ «አድጎ» ከፍ ያለ ግብር ይጠብቀዋል።

ከግብር የማይነጠለው ደረሰኝ ነው። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ በጅምላ ሱቆች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም ሁለት ዓይነት ነው። ቸርቻሪው ያለ ደረሰኝ የገዛውን በደረሰኝ ከሸጠ የገዛበትን ወጪ ማሳየት ስለማይችል ሽያጩ በሙሉ እንደ ትርፍ ሊታይበት ይችላል። ያለ ደረሰኝ ከሸጠ ደግሞ ቅጣት አለ። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ሳይሰጥ ለሸጠበት ለእያንዳንዱ ሽያጭ 50,000 ብር ቅጣት ጥሏል። አንዲት ትንሽ ሱቅ ይህን ብር ከከፈለች የቀረላት መደርደሪያው ብቻ ሊሆን ይችላል። በኅዳር 2017 ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መርካቶ ውስጥ በርካታ ሱቆች ተዘግተው የዋሉት በዚህ ውጥረት ነው። ሕጉ ትክክል ነው፤ ግብር ሳይከፈል አገር አይቆምም። ነገር ግን ቁጥጥር ከታች፣ ከቸርቻሪው ከተጀመረ ከማን እንደሚገዛ የመምረጥ አቅም የሌለውን ሰው ይቀጣል። ደረሰኝ ከአስመጪው ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ ግን ቸርቻሪው ያለ ድካም ሕጋዊ ይሆናል።

መብራት የጠፋ ሌሊት

በአንድ ሰፈር የምትኖር እንጀራ ጋጋሪ አለች። ለሆቴሎችና ለሱቆች ታስረክባለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስትነሳ ሊጡ ሦስት ቀን ተብላልቶ አብሲቱ ገብቶበት ኩፍ ብሎ ይጠብቃታል። ምጣዷ ኤሌክትሪክ ነው፤ አንዱ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሦስተኛው እንጀራ ዓይኑን ሲያወጣ መብራት ድርግም ይላል። የሻማ ብርሃን እያየች ትጠብቃለች። 10 ሰዓት ይሆናል፤ 11 ሰዓት ይሆናል። ሊጡ መኮምጠጡን አያቆምም። ሆቴሉ ቁርስ የሚያቀርበው 1 ሰዓት ላይ ነው። የዚያን ዕለት ያልደረሰ እንጀራ ነገ ለሌላ ጋጋሪ ይታዘዛል። ኪሳራዋ የአንድ ምጣድ ሊጥ ቢመስልም የሄደው የዓመት ደንበኛ ነው።

ማገዶና የሸክላ ምጣድ ለእንዲህ ያለ ሌሊት ታኖራለች፤ ግን ጭሱ ዓይኗን፣ የማገዶው ዋጋ ትርፏን ይበላዋል። ትልቅ ፋብሪካ ጀነሬተር ይገዛል፤ ትንሽ ነጋዴ መጠባበቂያው የራሱ ጉልበት ነው። መብራት የሚቋረጥበት ሰዓት አስቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ሊጡን በዚያ ልክ ታቦካው ነበር። ለእሷ ከመቋረጡ ይልቅ አለማወቁ ይከፋል።

አደጋም የዚሁ ወገን ነው። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት የዕድሜ ልክ ጥሪት የነበረውን ዕቃ በአንድ ሌሊት ዐመድ አደረገ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቃው ስንት እንደነበር የሚመሰክረው መዝገብና ደረሰኝ ነው። ካሳ ወይም መድን የሚጠይቅ ሰው ያለ ወረቀት ምን ብሎ ይቆጥራል? ደረሰኝን እንደ ግብር ሰብሳቢ ጠላት ብቻ ማየት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ባንክ፣ ስልክና እቁብ

የጎደለውን ለመሙላት ነጋዴው ወዴት ይሄዳል? ባንክ ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ይጠይቃል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ለምሳሌ ማሽንና የንግድ ዕቃ፣ መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። ወረቀት ላይ ያለው ዕድል በየቅርንጫፉ ባንኮኒ ግን ገና አልተለመደም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብም መጀመሪያ የጠበበው በር የትንሹ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

የስልክ ብድር እዚህ ክፍተት ውስጥ ገብቷል። የቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ»፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ» ያለ ቤት መያዣ ያበድራሉ። ለሳምንት የጎደለ የስኳር ብር ይሞላሉ፤ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ግን ጊዜያቸው አጭር ነው። የአጭር ጊዜ ብድር ወስዶ የረጅም ጊዜ ዕቃ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

እቁብ የጸናው ለዚህ ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚያስመጣ ገንዘብ የሚሰበሰብበት እቁብ አለ፤ በየሰፈሩም በሳምንት ጥቂት ብር የሚጣልበት አለ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ አለው። የቸገረው ሰው ዕጣው የወጣለትን ለምኖ ወይም ጥቂት ብር ትቶለት ተራውን ይወስዳል። የእቁብ ትልቁ ጉልበት ገንዘቡ ከቤትም ከዘመድም ከራስም እጅ መራቁ ነው። «የእቁብ ብር ነው» ከተባለ ባልም፣ ሚስትም፣ ወንድምም አይነካውም። ከሁለቱ ጣሳዎች ቀጥሎ የሚገኘው ሦስተኛ ጣሳ ማለት እቁብ ነው። እቁብ የሚፈርሰው ዳኛው ሲወድቅ ወይም ዕጣ የደረሰው ሰው ዋሱን ጥሎ ሲጠፋ ስለሆነ በእቁብ መሐላ ብቻ መተማመን ግን አይበቃም።

ባለቤቱ ሲታመም

በብዙ ጥናቶች ሳይነሳ የሚያልፈው የባለቤቱ ጉልበት ነው። ትንሽ ንግድ ባለቤቱ ሲታመም ይታመማል። ልጅ ሲወለድ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ፣ ሱቁ ይዘጋል ወይም ለልጅ ይተዋል። ረዳት መቅጠር መፍትሔ ይመስላል፤ ረዳቱ ሲለምድ ግን ወይ የራሱን ሱቅ ይከፍታል ወይ የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል። እንደ ሕጉ ከሆነ ቀጣሪው ለጡረታው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ብዙ ትንሽ ንግድ ይህን አይፈጽምም፤ ረዳቱ ዘመድ ነው፣ ምግብና መኝታ አለው እየተባለ ይታለፋል። ዘመድ ረዳት ደሞዝ ካልተቆረጠለት የሱቁ ትርፍ ከእውነቱ በልጦ ይታያል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጁ ወጣትነት በነጻ ይሄዳል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒ ጀርባ ያደግሁ ስለሆንኩ የዚያን ዋጋ አውቀዋለሁ።

ምን ይሻላል?

ብሩን ተከትለን የሄድንበት መንገድ አንድ ነገር ያሳያል። ትንሽ ነጋዴ ገቢው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል፤ ዕዳዎቹ ግን በጅምላ፣ ባልተጠበቀ ቀን ይመጣሉ። ኪራይ በስድስት ወር፣ ግብር በሐምሌ፣ የዋጋ ጭማሪ በአንድ ማታ፣ መብራት በሌሊት። መፍትሔውም ይህን ልዩነት ማጥበብ ነው።

ከባለቤቱ የሚጠበቀው ሁለት ጣሳ፣ የሚተካበትን ዋጋ መጠየቅ፣ የዱቤ ልክና በየቀኑ የሚጻፍ ደብተር ነው። ለራስ ደሞዝ መቁረጥም ያው ነው፤ ከሱቁ በየቀኑ እየዘገኑ መብላትና በወር መጨረሻ የተወሰነ ብር መውሰድ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ደግሞ አስቀድሞ መናገር ነው። ግብርን በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል ለለመደ ሐምሌ ሐምሌ አይሆንበትም። የግብር ደረጃ ጣሪያዎች ከዋጋ ንረት ጋር በየጊዜው ቢስተካከሉ ያላደገ ሱቅ አድገሃል አይባልም። የንግድ ቤት ኪራይም እንደ መኖሪያው የውል ዘመንና የጭማሪ ደንብ ይፈልጋል። የደረሰኝ ቁጥጥር ከአስመጪውና ከጅምላው ቢጀምር፣ ለተነሺ ነጋዴ የደንበኛው ዋጋ በካሳ ቢታሰብ፣ የመብራት መቋረጫ ሰዓት በስልክ ቢነገር ይበጃል። ከእነዚህ አንዳቸውም ነጋዴን በነጻ መርዳት አይደሉም። ሠርቶ ያገኘውን መልሶ እንዲሠራበት መተው ነው።

የእናቴ ሱቅ ዛሬ የለም። እርጅና ሲመጣ ዕቃውን ለጎረቤት አስረክባ ተቀመጠች። በሠራችባቸው በርካታ ዓመታት የሱቁ ጣሳ አንድም ጊዜ ባዶ አድሮ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች። ባዶ ያደረበት ሌሊት ነበር አለችኝ፤ ታናሽ እህቴ ታማ ሆስፒታል የገባችበት። በማግስቱ ጅምላ አከፋፋዩ አንድ ካርቶን ሳሙናና አንድ ጆንያ ስኳር በዱቤ ሰጣት፤ ለ9 ዓመት አንድ ቀን ሳታዘገይ ከፍላው ነበርና። ያን ቀን ሱቁን ያበላው ያ ሰው ነበር። ባንኮኒ ጀርባ ለሚቆም ሰው ሁሉ የምመኘው ይህንኑ ነው፦ ጣሳው ባዶ ባደረበት ማግስት ሱቁን የሚያበላ ሰው አይጥፋ።